የቅጂ መብት ሕግ ሲሻሻል የኢንተርኔት ዋጋም ይታሰብ

በመቀሌ ከተማ በእንዳኢየሱስ፣ በአዲ ሓቂና በዓይደር በሚገኙት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶችን ማየት የተለመደ ነው። በሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ እንደሚታየው ሁሉ፣ ትምህርት ሲጀመር የክፍል ተወካዩ ከመምህሩ የተቀበለውን ጽሑፍ ይዞ ወደነዚህ ቤቶች ያመራል፤ ለጓደኞቹ በሚበቃ መጠን አስባዝቶም ይመለሳል። ከወረቀቱ ጎን ለጎን ፍላሽ ዲስኩ አለ። አንድ ተማሪ ከኢንተርኔት ያወረደው መጽሐፍ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመላው ክፍል እጅ ይገባል።

ይህ የዕለት ተዕለት ተግባር ተራ ነገር ይምሰል እንጂ ሁለት ትላልቅ አገራዊ ጉዳዮችን ያገናኛል። አንደኛው የኢንተርኔት አገልግሎትን አቅሙ ውስን ለሆነው የኅብረተሰብ ክፍል በሚቻለው ዋጋ የማዳረስ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቅጂ መብት ጥበቃ ነው። ሁለቱ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመሩና በተለያዩ አዋጆች የሚገዙ በመሆናቸው እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ብዙም ሲነሣ አይሰማም። ስለ ቅጂ መብት ሲወሳ ዘፈን፣ ፊልምና ልብ ወለድ ይነሣሉ፤ ስለ ኢንተርኔት ዋጋ ሲወሳ ደግሞ ታሪፍ፣ ፋይበርና የሞባይል ማማ ይነሣሉ።

የቅጂ መብትን መጠበቅ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን መሆኑን የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 19 ደንግጓል። የመቀሌው ተማሪም ሆነ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት የሚዳኙት አዲስ አበባ ላይ ተረቅቆ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚጸድቅ አዋጅ ነው። ይህን አዋጅ የማሻሻል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር በመድረኩ ላይ በጉልህ የሚሰማው የድምፃውያን፣ የደራስያንና የአሳታሚዎች ድምፅ ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን ሕጉ ከጣት በሚቆጠሩ ሙያዎች አልፎ በርቀት ያለውን አንባቢ የኢንተርኔት ሂሳብ ጭምር የሚነካ መሆኑ በውይይቱ ቦታ ሊያገኝ ይገባል።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ተጠቃሚ የሚገናኘው በመደበኛ የስልክ መስመር ነበር። የዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው። 50 ሜጋ ባይት መጠን ያለውን አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት ለማውረድ፣ መስመሩ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንድ መቶ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ለየብቻው ቢያወርድ 200 የመስመር ሰዓት ያልቃል። አንዱ አውርዶ ለዘጠና ዘጠኙ በፍላሽ ዲስክ ቢያድል ግን ሁለቱ ሰዓት ብቻ ይበቃል። የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻም ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይወርዳል።

ዛሬ በሞባይል ኢንተርኔት ሰዓቱ ወደ ደቂቃዎች ዝቅ ብሏል። ሆኖም አብዛኛው የሞባይል ተጠቃሚ የሚከፍለው በተጠቀመበት የዳታ መጠን በመሆኑ የስሌቱ መሠረት አልተለወጠም፤ መቶ ጊዜ የወረደ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ይከፈልበታል። ከዚህ መገንዘብ የሚቻለው የመስመሩ አቅም ባነሰና ዋጋው ከሰው ገቢ ጋር ባልተመጣጠነ ቁጥር የኢንተርኔትን ቦታ ተክቶ የሚሠራው ቅጂ መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ አውርዶ ለብዙዎች ማካፈል በቂ መስመር ለሌለው አካባቢ የአገልግሎቱ ማዳረሻ መንገድ ነው። ቅጂን ያለ ልዩነት የሚያጠብ ሕግ ታሪፉን በሳንቲም ባይነካውም የአገልግሎቱን እውነተኛ ዋጋ ያስወድደዋል።

በታሪፍ ረገድ የተደረገውን ማቃለል አይገባም። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የሞባይል ድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድ ኢንተርኔትን ደግሞ በ54 በመቶ መቀነሱ ይታወሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር የከፈተ ሲሆን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። ይህ ሁሉ የመስመሩን ዋጋ የሚመለከት ነው። በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ዕውቀት ዋጋ ግን ከዚህ ውጭ የሆነ ጉዳይ ነው።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመቀሌ ቢዝነስ ኮሌጅና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት በፍጥነት ተስፋፍቷል። ቀድሞ ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ በዚህ ፍጥነት ሊሞላ እንደማይችል ግልጽ ነው። አንድ የሕክምና ወይም የምሕንድስና መማሪያ መጽሐፍ በውጭ ገበያ ከ100 ዶላር በላይ መሸጡ የተለመደ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዚያው መጽሐፍ የብር ዋጋ በእጅጉ ጨምሯል። በዓይደር ሆስፒታል የሚሠለጥን የሕክምና ተማሪ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ይህን ያህል ከፍሎ ይማራል ብሎ የሚያስብ ማንም የለም።

የቅጂን ዋጋ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ያሳየው ግን ጦርነቱ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ግጭቱ ሲቀሰቀስ በትግራይ የቴሌኮም አገልግሎት ተቋረጠ። በመቀሌ የስልክ አገልግሎት የተመለሰው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመውን የሰላም ስምምነት ተከትሎ ሲሆን ኢንተርኔቱም ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ተከፍቷል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ሐኪም ወይም መምህር ሊያነበው የሚችለው ከመቋረጡ በፊት በኮምፒውተሩ፣ በፍላሽ ዲስኩ ወይም በተቋሙ ሰርቨር ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዲነበብ የተፈቀደ፣ ወርዶ እንዳይቀመጥ የተከለከለ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈጽሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በአገራችን የደራሲን መብት የሚመለከቱ ዘመናዊ ድንጋጌዎች በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ተካትተው ነበር። ድንጋጌዎቹ ለመጽሐፍና ለሥዕል ዘመን የተጻፉ ስለነበሩ የካሴት ማባዣ ሲመጣ አቅም አነሳቸው። አንድ አልበም በወጣ በማግስቱ ተባዝቶ በየመንገዱ መሸጡ የድምፃውያኑንና የአሳታሚዎቹን ልፋት መና አስቀረ። በ1995 ዓ.ም. የሙዚቃ ባለሙያዎችና አሳታሚዎች ለወራት አዲስ ሥራ ከማውጣት እስከ መታቀብ ደርሰዋል። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 320 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በሐምሌ 1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ።

አዋጁ የተወለደበት ምክንያት ይህ በመሆኑ ጠንካራ ክንድ ይዞ መምጣቱ አያስደንቅም። ሲወጣ በያዘው ድንጋጌ መሠረት ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስም ተወስኗል። ይህ ሁሉ የተሰላው አሥር ሺህ ካሴት አባዝቶ የሚቸረችረውን ነጋዴ በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛችን «ኮፒ» የምንለው አንድ ቃል የነጋዴውንም፣ የተማሪውንም ተግባር በአንድነት የሚሸፍን ሲሆን፣ ሕጉም «ማባዛት» በሚል አንድ ስም ነው የሚጠራቸው። ልዩነታቸው የሚገኘው ከአንቀጽ 9 እስከ 17 በተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ነው። ለተማሪው ዋናው ነገር እነዚህ አንቀጾች ናቸው።

አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን መጽሐፍን ሙሉ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍሉን በፎቶ ኮፒ ማባዛትን አይጨምርም። አንቀጽ 11 ለማስተማር ተግባር የሚደረግ ማባዛትን፣ ከዓላማው ጋር የተመጣጠነና ምንጩን የሚጠቅስ እስከሆነ ድረስ፣ ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። አንቀጽ 12 ትርፍ የማያገኙ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለአንባቢ ጥያቄ አንድን መጣጥፍ ወይም አጭር ቅንጫቢ እንዲያባዙ፣ የተጎዳ ወይም የጠፋ ሥራንም እንዲተኩ በር ይከፍታል። አንቀጽ 17 ደግሞ አስገዳጅ ፈቃድ ስለሚሰጥበት ሁኔታ ይናገራል። ድንጋጌዎቹ በጊዜያቸው መልካም ነበሩ። በዚህ ጸሐፊ እምነት በተለይ አንቀጽ 11 በብዙ አገሮች ካሉት አቻዎቹ ሰፋ ያለ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ ሲታለፍ ነው። አዋጁ ስለ ማባዛት በሰጠው ትርጓሜ አንድን ሥራ በኤሌክትሮኒክ መልክ በቋሚነት ወይም በጊዜያዊነት ማከማቸትንም ጨምሯል። «በጊዜያዊነት» የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች። ኢንተርኔት ግን የሚሠራው በጊዜያዊ ማከማቸት ነው። አንድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ውስጥ ቅጂ ይፈጠራል። ዩኒቨርሲቲዎች የመስመር ወጪ ለመቆጠብ የሚጠቀሙበት ሰርቨር አንድ ተማሪ የከፈተውን ገጽ ይዞ ለቀጣዩ ተማሪ ከውጭ ሳያመጣ የሚያድለው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ አገሮች ይህን የመሰለውን ቴክኒካዊ ቅጂ ከክልከላው ነጻ የሚያደርግ የተለየ አንቀጽ አላቸው። በእኛ አዋጅ ከአንቀጽ 9 እስከ 17 ባሉት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተደነገገ የለም።

በቃሉ ጥብቅ ትርጉም ከተሄደ እንግዲህ የመስመር ወጪ የሚቆጥበው የግቢ ሰርቨር ሁሉ መብት ጣሽ ነው ማለት ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ማንም ዐቃቤ ሕግ አንድን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ምክንያት ይከስሳል ተብሎ አይጠበቅም። አንድ ተግባር ሳይከሰስ መቅረቱና ሕጋዊ መሆኑ ግን አንድ አይደሉም። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የዲጂታል ስብስብ ለመገንባት ሲያቅድ፣ ለጋሽ ድርጅት ሰርቨር ሊሰጥ ሲያስብ፣ በግል የተቋቋመ አገልግሎት ሰጪ የትምህርት ይዘቶችን በየከተማው አከማችቶ ዋጋውን ሊቀንስ ሲፈልግ፣ የሚጠይቁት የሕግ ባለሙያ የሚመልስላቸው አዋጁን አንብቦ ነው።

ይህ የመቀሌ ብቻ ችግር አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኢግራናሪ የተባለው ፕሮጀክት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰነዶችን በአንድ ማከማቻ ላይ ገልብጦ መስመር ለሌላቸው የአፍሪካ ተቋማት ሲያድል፣ ከመገልበጡ ሥራ ባልተናነሰ የሚያደክመው ከባለመብቶች ፈቃድ መጠየቁ ነበር። ፈቃድ ያልተገኘለት ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተማሪው በብርቱ የሚፈልገው የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል የማሻሻያው ዋና ትኩረት የባለመብቶችን ሮያሊቲ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ማቋቋም ነበር። ይህ በረጅም ጊዜ የተጠየቀ፣ የሚደገፍም እርምጃ ነው። ነገር ግን ሮያሊቲ ከማን ይሰበሰባል የሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት ዋጋ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ከሬዲዮ ጣቢያ፣ ከሆቴልና ከምሽት ክበብ ቢሰበሰብ ተማሪውን አይነካም። በአንዳንድ አገሮች ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በጀርመን ከተጀመረው አሠራር አንሥቶ፣ ክፍያው በመቅጃና በማባዣ መሣሪያዎች ላይ ይጣላል፤ ከጊዜ በኋላም ወደ ፍላሽ ዲስክ፣ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። እንዲህ ያለው ክፍያ በአውሮፓ ሸማች ኪስ ውስጥ እምብዛም አይታወቅ ይሆናል። አንድ ፍላሽ ዲስክ ለስድስት ተማሪዎች በሚያገለግልበት አካባቢ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ ረቂቅ ሕግ የሚገባበት ጊዜ ቢመጣ የትምህርት መሣሪያዎች ነጻ የሚሆኑበት መንገድ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የቅጂ መብት ሕጓን ስታሻሽል ወደ ኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ዞራለች። ሕጉ መብቱ የተጣሰበት ሰው ማስታወቂያ ሲሰጥ አገልግሎት ሰጪው ይዘቱን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያግድ ግዴታ ጣለ። በአንጻሩ መረጃውን የሚያስተላልፍ ብቻ ወይም ለማፋጠን በጊዜያዊነት የሚያከማች ድርጅት ሌላው ለፈጸመው ጥሰት ተጠያቂ እንዳይሆን ከለላ ሰጠ። ግዴታውና ከለላው አብረው መምጣታቸው ሊሰመርበት የሚገባ ነው። ግዴታው ያለ ከለላው ቢመጣ ኖሮ አገልግሎት ሰጪው ራሱን ለመጠበቅ በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ መቆጣጠር ይኖርበት ነበር፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የሚከፈለው ከታሪፉ ነው።

ይህን ሲነበብ የድምፃዊውና የደራሲው ጉዳይ የተረሳ ሊመስል ይችላል። እንዲያውም የእነርሱ ጥቅም ከርካሽ ኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ መሆኑን የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ አለ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አውታር የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የተመሠረተው በራሳቸው በሙዚቃ ባለሙያዎች፣ በኤልያስ መልካ፣ በኃይሌ ሩትስ፣ በጆኒ ራጋና በትግርኛው ድምፃዊ በዳዊት ነጋ ነበር። ደንበኛው ዘፈኑን የሚገዛው ከሞባይል ሂሳቡ እየከፈለ ነው። ሐሳቡ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ዘፈን በቀላሉ ሲገኝ ሰው የተሰረቀውን ይተዋል የሚል ነበር። ሆኖም ገዢው ከዘፈኑ ዋጋ ሌላ ዘፈኑን ለማውረድ የሚያስፈልገውን ዳታም ይከፍላል። በብሉቱዝ ከጓደኛው ሲቀበል ግን ሁለቱንም አይከፍልም። ዳታ በተወደደ ቁጥር ተጠቃሚው ወደ ብሉቱዙ ያዘነብላል፤ ተጎጂውም ድምፃዊው ነው። ኢንተርኔት የሚረክስበት መንገድ ሁሉ እንግዲህ ለባለመብቱም ገበያ ይከፍታል።

በአዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ የደረሳቸው ዜማዎች መብት ለወራሾቹ እስከ 2062 ዓ.ም. ድረስ የተጠበቀ ነው ማለት ነው። ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው የሚከፍልበት ሰው ሲገኝ ነው። የዜማው ሕገ ወጥ ሽያጭና የአናቶሚ መጽሐፍ ምዕራፍ በክፍል ውስጥ መታደሉ በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ፣ ተማሪው ሁሉ ወንጀለኛ ተብሎ ሕጉ መከበሩ ይቀርና የዜማው ሌባ በተማሪው ብዛት ውስጥ ይደበቃል።

ሁለቱን መለየት እንደሚቻል በሕንድ የታየው ክርክር ያስተምራል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ከሌላ አሳታሚ ጋር ሆነው በ2012 እ.ኤ.አ. በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኝን አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ከሰሱ። ቤቱ ያባዛ የነበረው መምህራን ከልዩ ልዩ መጻሕፍት የመረጧቸውን ክፍሎች በአንድ ጥራዝ አድርጎ ነው፤ ልክ በእንዳኢየሱስ በር ላይ እንደሚደረገው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ለማስተማር ተግባር የሚደረግ ማባዛት በሕንድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን ገልጾ ክሱን ውድቅ አደረገ። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም ጭብጡ እንዲጣራ መዝገቡን ቢመልሰውም መሠረተ ሐሳቡን ደገፈ፤ አሳታሚዎቹም በተከታዩ ዓመት ክሳቸውን አነሡ። የእኛ አንቀጽ 11 ከዚህ የማይተናነስ ስፋት አለው። የሚቀረው ማባዛቱን የሚፈጽመው መምህሩ ራሱ ሳይሆን ተከፋይ የፎቶ ኮፒ ቤት ሲሆን፣ ወይም ቅጂው በወረቀት ሳይሆን በግቢው ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ድንጋጌው ይሠራል አይሠራም የሚለውን በግልጽ መመለስ ነው።

ጊዜው ለዚህ ምቹ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጥያቄ ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው ድርድርም በ2012 ዓ.ም. ዳግም ተጀምሯል። አባልነት የአእምሯዊ ንብረት ሕጎችን ከድርጅቱ ስምምነት ጋር ማጣጣምን ይጠይቃል። በአንጻሩ ድርጅቱ በአነስተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አባል አገሮች የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን ተግባራዊ እንዲያደርጉ የሰጠውን የጊዜ ገደብ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2034 እ.ኤ.አ. አራዝሞታል። አዲስ ገቢ አገር በድርድሩ ወቅት ይህን ዕድል አሳልፎ እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። በተግባር ካሳጣን በኋላ መልሶ ማግኘቱ አስቸጋሪ በመሆኑ የትምህርትና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በድርድሩ ዝግጅት ውስጥ መገኘታቸው ከሕጉ ማርቀቅ ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

አገሪቱ በዚህ ረገድ ፈቃደኝነቷን በሌላ መስክ አሳይታለች። ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ሥራዎችን በሚመች መልክ ማባዛት የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ተቀብላ በ2013 ዓ.ም. አባል ሆናለች። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቷል። ማየት ለተሳነው አንባቢ የተፈቀደው መስመር ላልደረሰው አንባቢ የማይፈቀድበት በቂ ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ አይታየውም። በማሻሻያው ሁለት አጫጭር ድንጋጌዎች ቢጨመሩ የሚበዛው ችግር ይቃለላል፦ መረጃን በማስተላለፍ ሂደት በራሱ የሚፈጠር ጊዜያዊ ቅጂ እንደ ማባዛት እንዳይቆጠር፣ እንዲሁም የትምህርት ተቋማትና ቤተ መጻሕፍት ለማስተማር የተፈቀደላቸውን ያህል በውስጥ መረባቸው ላይ ለተመዘገቡ ተማሪዎች እንዲያስቀምጡ። ሁለቱም ለሻጭ የሚከፍቱት በር የለም።

እስከዚያው ድረስ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ዓ.ም. የጀመረው ሂናሪ በአነስተኛ ገቢ ላይ ለሚገኙ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባል። ውክፔዲያ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል፤ ኪዊክስ የተባለውም ፕሮግራም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ስሌት ሳይንስ ኮሌጅ የሚዘጋጀው ሞሞና የተሰኘው የሳይንስ መጽሔትም በኢንተርኔት ላይ ለማንም አንባቢ ክፍት ነው። በየክፍሉ የሚታደለው ፍላሽ ዲስክ ለእነዚህ ሁሉ በቂ ቦታ አለው።